የፀሐይ ፋብሪካው አስተርጓሚ

አስተርጓሚ ከመሆኔ በፊት የፀሐይ ፓነል ፋብሪካ ሠራተኛ ነበርኩ። ከዚያ በፊት አትላንታ ኤርፖርት ውስጥ ሳንድዊች እጠቀልል ነበር። ዲቪ ሳይደርሰኝ ደግሞ ደሴ ላይ እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ይህን የማወራው ራሴን ለማስተዋወቅ አይደለም። አንድ ሰው እንግሊዝኛዬን እንዴት እንደተጠቀመበት፣ እኔም በኋላ እንዴት መልሼ እንደተጠቀምኩበት ለመናገር ነው። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይላሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቂሜን ይዤ ቤተ ክርስቲያን ተመላልሻለሁ። ጸሎቱ አልሠመረልኝም፤ ቂሙ ግን ሠምሯል።

ሰውዬው እዚሁ አሜሪካ ያደገ፣ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ፣ በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ የአገሬ ልጅ ነው። ስኔልቪል የሚባል የደህና ኑሮ ሰፈር ቤት ገዝቷል። ሥራው «የማኅበረሰብ ግንኙነት» ይባላል። አበሻና ስደተኛ የሚበዛበት ክላርክስተን፣ የእኛ አፓርታማ መሰብሰቢያ ክፍል፣ ሁለት ካርቶን ዶናት ይዞ መጣና ወንበሩን አዙሮ ተቀመጠበት። አማርኛው ከእናቱ ጓዳ የለቀመው አማርኛ ነው፤ «እርስዎ» የሚለው ቃል አልደረሰውም።

«ላይክ፣ መንግሥት አሁን ለግሪን ኢነርጂ ድጎማ እየሰጠ ነው» አለን። «እዚህ አገር ለተሠራ ለእያንዳንዱ ፓነል ካምፓኒው ከድጎማው ድርሻ አለው። ብዙ በሠራን ቁጥር ብዙ ያገኛል፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ሃየር እናደርጋለን። ባስ አለ። ከዚሁ ከፓርኪንጉ ያነሳችኋል።»

ከወንበራችን ያስነሳን ባሱ ነው። ፋብሪካው አንድ ሰዓት የሚያስነዳ ቦታ ነው፤ ከእኛ ደግሞ መኪና ያለው ጥቂት ነው። ከጎኔ የተቀመጡት ሴት ስድሳ የተጠጉ የወሎ እስላም ናቸው፤ ሁላችንም እቴቴ እንላቸዋለን። ጎንበስ ብለው «ባሱ እውነት ነው?» አሉኝ።

«አለ ይላል፣ እቴቴ።»

«እንግዲያው ጻፊኝ።»

ሥራውን ወደድኩት፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። ፀሐይ የሚቀበሉትን ሰማያዊ ቁርጥራጮች በመስመር እያያያዝን መስታወት ላይ እንደረድራለን፤ ከዚያ ላሚኔተር የሚሉት እንደ ትልቅ ምድጃ ያለ ማሽን ይውጣቸውና አጣብቆ ይተፋቸዋል። አንድ ፓነል ሲያልቅ የሆነ ሰው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ፀሐይ ሊያጠምድበት ነው ብዬ አስብ ነበር። ሳንድዊች እንዲህ አያሳስብም።

የመጀመሪያው ዓመት ላይ ካምፓኒው ከካውንቲው፣ ከወረዳው አስተዳደር ማለት ነው፣ የግብር እፎይታ ሲጠይቅ ሰውዬው እኔን ይዞኝ ሄደ። ሥራው ሕይወቴን እንደለወጠው ለካውንቲው ኮሚሽነሮች ተናገርኩ፤ ውሸት አልነበረም። ከካምፓኒው ሰዎች ጎን አንድ ግዙፍ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ቆመው ነበር። የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ዩኒየን፣ የሠራተኛ ማኅበሩ፣ ተወካይ ናቸው። ዩኒየንና ቀጣሪ አንድ ወንበር ላይ ሲቀመጡ አይቼ ስለማላውቅ ቡና ማሽኑ አጠገብ ጠጋ ብዬ ጠየቅኳቸው።

ሽማግሌው አላፈሩም። «ድሮ የዚህ ነገር ጠላት ነበርን» አሉኝ። «አባሎቻችን የሚኖሩት በከሰልና በጋዝ ማመንጫ ነው። አረንጓዴ ነገር ሲባል ለእኛ ሥራ መዝጊያ ነበር። በኋላ ሕጉ ውስጥ አንድ ነገር ገባ፤ የፀሐይ ጣቢያ የሚተክለው ድርጅት ሙሉውን ድጎማ የሚያገኘው ለሠራተኛው ደህና ደሞዝ ከከፈለና ተለማማጅ ካሠለጠነ ብቻ ነው የሚል። ያኔ ወደድነው።»

«እኛ ውስጥ ያለነውስ? ፓነሉን የምንሠራው?»

«ለእናንተ እንዲህ ያለ ነገር አልተጻፈም» አሉ። «እሱን ለማምጣት ዩኒየን ያስፈልጋችኋል።»

እውነትም በዓመቱ ሊያደራጁን መጡ። ሴቶቹ የፈለጉት ብዙ አልነበረም። ባሱ በውል እንዲጻፍ፣ በበጋ ላሚኔተሩ ጋ የሚቆም ሰው ማረፊያ እንዲኖረው፣ የሚሰግድ የሚሰግድበት ቦታ እንዲያገኝ። ዩኒየን እንፈልጋለን የሚለውን ካርድ ብዙ ሰው ፈረመ። ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ተቆረጠ።

ሰውዬው በምሳ ሰዓት አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ።

«እህቴ፣ ከሄድኳርተር ሎየር ይመጣል። አንቺ ትተረጉሚያለሽ።»

«አንተ አማርኛ ትችል የለ?»

«እኔን የካምፓኒ ሰው ነው ይሉኛል። አንቺን ግን ያምኑሻል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዩኒየኑ ከቀረ ሴቶቹን የማሠለጥነው እኔ እንደምሆን፣ ባሱም ቋሚ እንደሚሆን ቃል ገባልኝ። «ፕሮሚስ» አለኝ፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

ጠበቃው መጣ። ምግብ አዳራሹ ውስጥ ሦስት ቀን ሰበሰቡን። ጠበቃው ጠንቃቃ ሰው ነው፤ እያንዳንዱን ቃል መዝኖ ነው የሚያወጣው። «ዩኒየን ከገባ ወጪ ይጨምራል፣ ወጪ ከጨመረ ካምፓኒው ይህን ፋብሪካ እንደገና ሊያየው ይችላል» አለ። «ሊያየው ይችላል» ነው ያለው። ሰውዬው ከጀርባዬ ሆኖ «አጠንክሪው» አለኝ።

እኔም አጠነከርኩት። «ዩኒየን ከገባ ፋብሪካው ይዘጋል» አልኩ።

አስተማሪ ነበርኩ። በ«ይችላል» እና በ«ይዘጋል» መካከል ያለውን ልዩነት ለስንት ተማሪ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስረድቻለሁ። እቴቴ ከፊት ወንበር ላይ ሆነው ዓይን ዓይኔን ሲያዩኝ ነበር። «ይዘጋል?» አሉ። «ይዘጋል፣ እቴቴ» አልኳቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ዩኒየኑ በጥቂት ድምፅ ወደቀ። ያን ጥቂት ድምፅ የያዙት የክላርክስተን ሴቶች እንደነበሩ ለማወቅ ሒሳብ አዋቂ መሆን አያስፈልግም። ከአንድ ወር በኋላ ባሱ ቀረ። «ቴምፖራሪ ነው» አለ ሰውዬው። አሠልጣኝ የሚባለውን ሥራ ማንም ደግሞ አላነሳውም።

በሐምሌ፣ እዚህ አገር በጋ ነውና ሙቀቱ ግድግዳ በሚያልብበት ሰሞን፣ እቴቴ ላሚኔተሩ አጠገብ ወደቁ። ግንባራቸው የብረት ጠርዝ መታ። ደማቸውን በሂጃባቸው ጫፍ የጠረግኩት እኔ ነኝ። ሰውዬው ከሐኪም ቀድሞ ደረሰ፤ ፎርም ይዞ።

«ይሄን ሳይን ታድርግ በያት» አለኝ።

አነበብኩት። ሠራተኛዋ የወደቀችው በሃይማኖት ጾም ምክንያት ነው ይላል።

«ረመዳን ካለፈ ሦስት ወር ሆኖታል» አልኩት። «ዛሬ ቁርሳቸውን የጎረቤት መኪና ውስጥ አብረን ነው የበላነው።»

«ፎርም ነው እኮ! ዲቴይሉ ምን ያደርግልሻል? በያት ዝም ብለሽ።»

«መጀመሪያ ‹በያቸው› በል» አልኩት። «ሁለተኛ፣ ይሄን አልልም።»

በሦስተኛው ቀን ባጄን ሳስነካ በሩ ቀይ አበራ። እንደገና አስነካሁ። በመጨረሻ ሰውዬው ሹራቤንና የምሳ ዕቃዬን በፌስታል ይዞ ወጣ። «ፖዚሽንሽ ኤሊሚኔት ሆኗል» አለኝ። «ከእኔ በላይ ነው፣ እህቴ።» ፌስታሉን ተቀበልኩት። እሱም ስልኩን አወጣ።

የበለጠ ያቃጠለኝ ግን እሱ አልነበረም። እቴቴ ወረቀቱን ሌላ ሰው «የሕክምና ነው» ብሏቸው ፈርመውታል። ልጠይቃቸው ቤታቸው ስሄድ በሩን የከፈተችው አንዷ የመስመራችን ልጅ ናት። «ይዘጋል ብለሽ አስመረጥሽን፤ አሁን የተዘጋው ያንቺ በር ብቻ ነው» አለችኝና በሩን መለሰችው። ደረጃው ላይ ይዤው የሄድኩት ብርቱካን ቀረ።

ቂሜን መያዝ የጀመርኩት ያን ቀን ነው። የአስተርጓሚነት ሥልጠና ገባሁ፣ ፈተናውን አለፍኩ፣ ሆስፒታልና ፍርድ ቤት መሥራት ጀመርኩ። በሥልጠናው የመጀመሪያ ቀን መምህራችን «አትጨምሩም፣ አትቀንሱም፣ አታለዝቡም፣ አታጠነክሩም» ስትል ጆሮዬ ጋለ። ሰውዬውን ግን አልተውኩትም። ካምፓኒው ሁለተኛ ሕንፃ ሊሠራ እንዳሰበ አወቅኩ። የካውንቲውን የስብሰባ አጀንዳ ሌላው ሰው የአየር ሁኔታ እንደሚያይ በየሳምንቱ አይ ነበር። አንድ ቅዳሜ ክላርክስተን የአበሻ ሱቅ ውስጥ በርበሬ ስመርጥ ከኋላዬ አቀፈኝ። «ጠፋሽ እኮ!» አለና ሦስቴ ሳመኝ። ረስቶታል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ። «አለሁ» አልኩት፤ በርበሬዬን ከፍዬ ወጣሁ።

ከዚያ የዋሽንግተኑ ነፋስ ተለወጠ። ድጎማው ሊቆረጥ ነው፣ ቀደም ብሎ የጀመረ ብቻ ነው የሚያገኘው ተባለ። ካምፓኒው ሁለተኛውን ሕንፃ ቶሎ መጀመር አለበት፤ ለዚያ ደግሞ የካውንቲው የግብር እፎይታ ያስፈልገዋል። ከኮሚሽነሮቹ አንዷ እፎይታ ከተሰጠ ባስና የሙቀት ማረፊያ በውሉ ይግባ ብላ ሐሳብ አቀረበች። ካምፓኒው እንዲህ ያለ ግዴታ ፕሮጀክቱን ይገድለዋል ብሎ ጮኸ። ፀሐይን የሚወድ፣ ምድርን የሚወድ፣ ድጎማን የሚወድ ድርጅት ባስ ሲባል ሞት መጣበት።

ስብሰባው በአንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። የምሠራበት የአስተርጓሚ ድርጅት «ለካውንቲው ስብሰባ አማርኛ ተጠይቋል» ብሎ መልእክት ላከልኝ። ደንቡ በጉዳዩ የምታውቂው ሰው ካለ አስቀድመሽ ተናገሪ ይላል። አልተናገርኩም። ስህተት መሆኑን አውቃለሁ፤ ዛሬም ቢደገም አልናገርም።

አዳራሹ በአረንጓዴ ቲሸርት ተሞልቷል። ሰውዬው ሠራተኞቹን አሰልፎ አምጥቷቸዋል፤ ከፊት እቴቴ፣ በቀሚሳቸው ላይ አረንጓዴውን ቲሸርት ደርበው። ዩኒየኑም አለ፤ ሕንፃውን የሚገነቡት አባሎቻቸው ናቸው። ሽማግሌው ወደ ማይክራፎኑ ቀርበው ፕሮጀክቱን እንደግፋለን አሉ። የኮሚሽነሮቹ ሰብሳቢ ስለ ባሱና ስለ ሙቀቱ ስትጠይቃቸው ጫማቸውን አዩ። «እሱን ለኮሚሽኑ እንተዋለን» አሉ።

ሰውዬው የአስተርጓሚውን ባጅ አንገቴ ላይ ሲያይ ፊቱ ላይ ያየሁትን ድንጋጤ እስክሞት አልረሳውም። መጥቶ ክርኔን ያዘኝ።

«እህቴ፣ ያለፈ አለፈ፣ ኦኬ? ሴትየዋ ወረቀት ይዛለች። እሷኑ ወረቀት ማንበብ ብቻ ነው።»

«ክርኔን ልቀቅ» አልኩት።

ወደ እቴቴ ሄጄ ደንቡ እንደሚያዘው ራሴን አስተዋወቅኩ። «እቴቴ፣ ዛሬ የሚሉትን ቃል በቃል እተረጉማለሁ። አልጨምርም፣ አልቀንስም።»

ግንባራቸው ላይ ጠባሳው አለ። ቀና ብለው አዩኝ። «ያልኩትን ሁሉ?»

«ያሉትን ሁሉ።»

ወረቀቱን ዘረጉልኝ። «ይሄ ምን ይላል?»

አነበብኩላቸው፤ እያንዳንዷን ቃል። ለሥራው አመስጋኝ ነኝ፣ ግዴታዎቹ ሥራዬን ያሳጡኛልና እባካችሁ አታጽድቋቸው ይላል።

«ይሄ እኔ የምለው ነው?»

«የተጻፈልዎት ይሄ ነው።»

ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቱትና ተነሡ። ማይክራፎኑን ዝቅ አደረግኩላቸው።

«ሥራ ክፉ አይደለም» ብለው ጀመሩ። «እንጀራዬ ነው። ግን ባስ አለ ብለው ወሰዱን፣ ድምፅ ከሰጠን በኋላ ባሱ ቀረ። አሁን አንድ መኪና ውስጥ ተደራርበን ነው የምንሄደው። መስታወቱን ስሠራ ሙቀት ጣለኝ፤ ጾም ጣላት ብለው ጻፉ። ያልጾምኩትን ጾም በእኔ ላይ ጻፉ። መንግሥት ለመስታወቱ ይሰጣል አሉ፤ ይስጥ። ስለሚሠራውም ሰው ይጠይቅ።»

ቃል በቃል ተረጎምኩ። ግን ልዋሽ አልፈልግም፤ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃል ሲመጣልኝ የሚናደፈውን መረጥኩ። «ጻፉ» ሲሉ ወደ «ፈጠሩ» የሚያደላውን ወሰድኩ። አታጠንክሩ የተባለውን ሰምቼ አጠነከርኩ፤ በሕይወቴ ለሁለተኛ ጊዜ።

እቴቴ አልጨረሱም። «ዩኒየን ከገባ ፋብሪካው ይዘጋል አሉን» አሉ። «ያለችንም ይቺ ናት። አሁን አጠገቤ ቆማ የምታወራው።»

አስተርጓሚ በተናጋሪው አፍ ነው የሚናገረው፤ ተናጋሪው «እኔ» ሲል እሱም «እኔ» ይላል። አዳራሹ ይጠብቀኛል። ሰውዬውም ይጠብቀኛል፤ ከንፈሩ ጥግ ላይ ትንሽ ፈገግታ ብቅ አለች፣ ይሄን እንደማልለው ተስፋ አድርጎ። እንግሊዝኛዬን ጠርቼ «ይህን የነገረችን አሁን አጠገቤ ቆማ የምትተረጉምልኝ ሴት ናት» አልኩ።

ሰብሳቢዋ መነጽሯን አወለቀች። «አስተርጓሚዋን ማለታቸው ነው?»

ጥያቄውን ወደ አማርኛ መለስኩላቸው።

«አዎ፣ እሷን» አሉ።

«አዎ፣ እሷን» አልኩ።

ሰውዬው ከወንበሩ ብድግ አለ። «ትርጉሙ ትክክል አይደለም!»

«አማርኛ ይችላሉ?» አለችው ሰብሳቢዋ።

«ያ፣ ኦፍኮርስ።»

«እንግዲያው የትኛው ቃል ነው የተሳሳተው?»

አፉ ተከፈተ። ወደ ሴቶቹ ዞረ፣ ወደ እኔ ዞረ። ሴቶቹ ሁሉ ያዩታል። ሁሉም እቴቴ ያሉትን በአማርኛ ሰምተዋል፤ ቢዋሽ እዚያው ይያዛል። ተመልሶ ተቀመጠ። ያን አፍታ ብዙ ጊዜ አልሜዋለሁ። በሕልሜ እንዲህ አልጣፈጠኝም ነበር።

ኮሪደር ላይ የዩኒየኑን ሽማግሌ አገኘኋቸው። «ለምን ጫማዎን አዩ?» አልኳቸው። «ባስ ማለት ምን ነውር አለው?»

«ገንቢዎቼ ሕንፃውን ይፈልጉታል» አሉ። «ውስጥ ያሉት ሴቶች ደግሞ አባሎቼ አይደሉም። አይሆንም ብለው መርጠዋል፣ ልጄ። አይሆንም ላለኝ ሰው የአባሎቼን ሥራ አስይዤ እንዴት ልከራከር?»

አይሆንም ያሉት በእኔ አፍ ነው።

ውሳኔው ሦስት ሳምንት ቆየና ከነግዴታው ጸደቀ። ይገድለናል ያሉት ባስ አልገደላቸውም። የፌዴራሉ ድጎማ በር ሊዘጋባቸው ስለሆነ ለመከራከር ጊዜ አልነበራቸውም፤ በዚያው ሳምንት ፈረሙ። ለዚህ ሁሉ ጣጣ አንድ ጥፋተኛ ያስፈልግ ነበርና ሰውዬውን አሰናበቱት። ፌስታል ሰጥተውት እንደሆነ አላውቅም። ሰጥተውት ቢሆን ደስ ይለኛል።

እቴቴን በኋላ ሱቅ ውስጥ አገኘኋቸው። ምስር እየለካች ያለችው ልጅ እስክትጨርስ ጠበቁና «ያልኩትን አልሸሸግሽም» አሉኝ። «ደግ አደረግሽ። ይቅር ያልኩሽ ግን እንዳይመስልሽ።»

«አልመሰለኝም፣ እቴቴ።»

«እሱ ላይ የጨከንሽው ለእኔ ብለሽ እንዳልሆነም አውቃለሁ።»

ምስራቸውን ተሸክሜ እስከ በራቸው አደረስኩላቸው። ግቢ አላሉኝም።

ባለፈው ወር አቮንዴል እስቴትስ የሚባል ሰፈር አንድ የጥርስ ሐኪም ጋ የማስተርጎም ሥራዬን ጨርሼ መኪናዬ ውስጥ እንደተቀመጥኩ የዩኒየኑ ሽማግሌ ደወሉ። ፋብሪካውን እንደገና ሊያደራጁ ነው፤ አማርኛ የሚናገር ሰው ይፈልጋሉ። ሰውዬው ለሥራው አመልክቷል፤ ስለ እሱ ሊጠይቁኝ ነው።

«ውስጡን ያውቀዋል» አሉኝ። «ካምፓኒው በድሎኛል ይላል። ሰው ይለወጣል፣ አይደል?»

«ይለወጣል» አልኳቸው። «እናንተ ድጎማው ደህና ደሞዝ ይዞ ሲመጣ ተለወጣችሁ። እሱም ደሞዙ ሲቀርበት ተለውጧል። ቅጠሩት ካሉ ይቅጠሩት። ግን መጀመሪያ ስለ አንድ ፎርም ልንገርዎት።»

ነገርኳቸው። ከሥር እስከ ላይ፣ ያጠነከርኩትን የእኔን ቃልም ሳልደብቅ። እስክጨርስ ሰሙኝና «ይበቃል» አሉ።

አልቀጠሩትም። በሳምንቱ ከማላውቀው ቁጥር መልእክት መጣልኝ፤ በእንግሊዝኛ፣ ሚስቴ ልትወልድ ነው፣ ምን አድርጌሽ ነው ይላል። ምን አድርጌሽ ነው! ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዲት የማላውቃት ሴት ሆዷን ይዛ ስኔልቪል ሳሎን ውስጥ ስትቀመጥ ታየችኝ፣ ትንሽም ደነገጥኩ። ስልኩን ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ሞተሩን አስነሳሁ፤ ሌላ ቀጠሮ ነበረብኝ። እስከ ዛሬ አልመለስኩለትም።